ሐና፣ ሃና፣ ሐናን፦ ጅማ ውስጥ የአንድ ስም ዘመድ አዝማድ

"ሐና" የሚለውን ስም በአማርኛ በስንት መንገድ መጻፍ ይቻላል? በስድስት። ሀና፣ ሃና፣ ሐና፣ ሓና፣ ኀና፣ ኃና። ስድስቱንም ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ ድምፃቸው አንድ ነው። አንዲት ልጅ በክትባት ካርዷ በአንደኛው፣ በትምህርት ቤት መዝገብ በሁለተኛው፣ በልደት ካርዷ በሦስተኛው ተጽፋ ልታገኟት ትችላላችሁ። ማንም ግር አይለውም። "እስከተነበበ ድረስ ምን ቸገረ?" ባዩ ብዙ ነው።

እኔ ጅማ ውስጥ የምሠራው የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ ነው። ማመልከቻው፣ ሲቪው፣ የፓስፖርት ፎርሙ፣ የሰርግ ጥሪው ሁሉ በእጃችን ያልፋል። ሰው ስም ሲነግረኝ "በየትኛው ሀ ልጻፈው?" ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ይስቃል። "ሀ ያው ሀ ነው፣ አንተ ደግሞ!" ይለኛል። ሐና ላይ ሲደርስ ግን ጥያቄው ከምር ነው። በዚህች አጭር ስም ውስጥ ሁለት የተለያዩ ስሞች ተደብቀዋል። ትርጉማቸው ለየቅል ነው። የመጡበት ቋንቋም ለየቅል ነው። ጅማ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ የሚኖሩባት ከተማ ናት። ሂርማታ ገበያ መሀል ቆማችሁ "ሐና!" ብላችሁ ብትጣሩ ነጠላ የለበሰችም ሒጃብ ያሰረችም ዞር ልትል ትችላለች።

የሐመሩ ሐ ቤተሰብ

መጀመሪያ በሐመሩ ሐ የምትጻፈዋን እንያት። ይቺኛዋ ከዕብራይስጥ የመጣች ናት። በዕብራይስጥ "ሐ-ነ-ነ" የሚል የግስ ሥር አለ። መራራትን፣ ቸር መሆንን፣ ሰውን በሞገስ ዓይን ማየትን ያመለክታል። ሐና ማለት እንግዲህ ሞገስ ወይም ጸጋ ማለት ነው። በአማርኛ ስም እናውጣላት ብንል ጸጋ ወይም ጸጋነሽ በሆነች ነበር። በአፋን ኦሮሞ አያንቱ የምትባለው ስም ብዙ አትርቃትም ባይ ነኝ።

ይህ ሥር ወላድ ነው። ዮሐንስ ከዚሁ የወጣ ነው፤ "እግዚአብሔር ራራ፣ ጸጋ ሰጠ" ማለት ነው። ሐናንያም ያው ነው፤ ሁለቱ ቃላት ቦታ ተቀያየሩ እንጂ ትርጉሙ አልተለወጠም። ዮሐንስ የሚለው ስም አውሮፓ ገብቶ ጆን፣ ዣን፣ ኢቫን፣ ጆቫኒ፣ ሁዋን ሆነ። ለሴት ሲሆን ጆአና እና ጄን ተባለ። የጥንቷ ካርታጎ የጦር መሪ ሐኒባልም ከዚሁ ቤት ነው። ካርታጎዎች የሚናገሩት ለዕብራይስጥ የሚቀርብ ሴማዊ ቋንቋ ነበር፤ ስሙም "በኣል ራራ" ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዝሆን እየነዳ የአልፕስን ተራራ የተሻገረው ሰውዬ ከጎረቤታችን ሐና ጋር የስም ዝምድና አለው ቢሏችሁ እንዳትስቁ።

አና የምትባለዋስ? እሷ ራሷ ሐና ናት። ግሪኮች ለዚያ የጉሮሮ ሐ የሚሆን ፊደል ስላልነበራቸው ስሙን ሲወስዱ መነሻውን ጣሉት። በእነሱ በኩል ያለፈው ሁሉ አና፣ አን፣ አኒታ፣ አኔት እየሆነ ወጣ። እንግሊዞች ዘንድ "ሐና" በ"ሐ"ዋ የተስፋፋችው ከሃይማኖት ተሐድሶው በኋላ ነው፤ ተርጓሚዎች ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጡ መተርጎም ሲይዙ የዕብራይስጡ ድምፅ አብሮ መጣ። በዚህ የተነሳ በታወቀው የድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሳሙኤል እናት ሐና ናት፤ ሉቃስ ወንጌል ላይ ያለችው ነቢይት ደግሞ አና ናት። ሁለት ስም ይመስላሉ። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱም ሐና ናቸው፤ ልክም ነው።

የሃሌታው ሀ ደግሞ

ሁለተኛዋ ከዐረብኛ የመጣች ናት። በዐረብኛ አነጋገር "ሀናእ" የምትባለው፣ መጨረሻዋ ሳብ ተደርጎ ቆረጥ የሚለው። ትርጉሟ ደስታ፣ ተድላ፣ የልብ እርካታ ነው። ምግብ ወይም ውሃ ለቀመሰ ሰው "ሀኒአን" ሲባል የሰማችሁ ታውቋታላችሁ፤ "ይስማማህ፣ ደስ ብሎህ ብላው" እንደማለት ነው። ያ ቃልና ይህ ስም ከአንድ ሥር ናቸው። "እንኳን ደስ አላችሁ" ለማለት ዐረቦች የሚጠቀሙበት ቃልም ከዚያው ነው። በእኛ ቤት ብትሆን ስሟ ደስታ ወይም ተድላ ይሆን ነበር። ወንድም ቢኖራትና ኦሮምኛ ስም ቢወጣለት ገመቹ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። የዐረብኛዋ ሃና በድምፅ ከዕብራይስጧ ሐና ጋር መንታ ትመስላለች። በሥር ግን ዘመድ አይደሉም። የዕብራይስጧ ሐና እውነተኛ የሥጋ ዘመድ ሌላ ናት፤ እሷም ሐናን ናት። ሐናን በዐረብኛ ርኅራኄ፣ የእናት አንጀት፣ መሳሳት ማለት ነው። የመጣችውም ከዚያው ከ"ሐ-ነ-ነ" ነው። ዕብራይስጥና ዐረብኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ስለሆኑ ይህን ሥር ሁለቱም ይዘውታል። ስለዚህ ጅማ ውስጥ መስጊድ የምትሄደው ሐናንና ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ሐና በስም የአክስት ልጆች ናቸው። ሃና እና ሐና ግን ሞክሼ እንጂ ዘመድ አይደሉም። መልክ ያዛምዳል ብሎ የፈረደ ሰው ሦስቱን ልጆች አሰልፎ ሲያገባና ሲያስወጣ ይሳሳታል።

በነገራችን ላይ እነዚያ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሀ፣ ሐ እና ኀ "ሞክሼ ፊደላት" ነው የሚባሉት። ድሮ በግዕዝ ሦስቱም ድምፃቸው የተለያየ ነበር። አማርኛ ልዩነቱን ከረሳ ዘመን ቆጥሯል። ትግርኛ ግን የሐመሩን ሐ እስከ ዛሬ ከጉሮሮ ያወጣታል። ትግርኛ ተናጋሪ ሐናን ሲጠራት ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ያቺ ሐ ከዕብራይስጧ ጋር አንድ ናት። ጅማ መድረሳ የተቀመጠ ልጅም ልዩነቱን ያውቀዋል። ዐረብኛው ሁለቱንም ለይቶ ያስጠናዋልና። ሐናንን ከጉሮሮው፣ ሃናን ከደረቱ ያወጣቸዋል። ከመድረሳ ወጥቶ አማርኛ ክፍል ሲገባ ግን ሁለቱን ደባልቆ ይጽፋቸዋል፤ መምህሩም አያርመው።

አንድ ሌላ ምልክት አለ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ጆሮ ግን ይሰማዋል። የመጽሐፍ ቅዱሷ ሐና ስትጠራ "ና" ጠበቅ ትላለች። የዐረብኛዋ "ና" ላላ ትላለች፤ በአንጻሩ አናባቢዋ ረዘም ይላል። እናቷ ከበር ላይ ስትጣራት የሰማ ሰው የትኛዋ እንደሆነች በጆሮው መለየት ይችላል። ጎረቤት ግን ሁለቱንም አጥብቆ ነው የሚጠራው።

ከስሙ ጀርባ ያሉት ሴቶች

"ልጃችንን ሐና ያልናት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው" የሚል ቤተሰብ ሲመጣ "ከየትኛዋ ሐና?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሦስት አሉና። ሦስተኛዋ እንዲያውም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለችም።

የመጀመሪያዋ የሳሙኤል እናት ናት። ታሪኳ አንደኛ ሳሙኤል ላይ አለ። ባሏ ሕልቃና ሁለት ሚስት ነበረው። ጣውንቷ ፍናና ልጆች ወልዳለች፤ ሐና መካን ናት። ፍናና በዚህ ትነካካታለች። ሕልቃና ሐናን ይወዳታል፤ "እኔ ከአሥር ልጅ አልበልጥብሽም ወይ?" እያለ ያባብላታል። የወንድ ነገር! የእሷ ጉዳይ ሌላ፣ የእሱ መልስ ሌላ። በየዓመቱ ለመሥዋዕት ሴሎ ወደሚባል ቦታ ይወጣሉ። አንድ ዓመት እዚያ ቤተ መቅደስ ገብታ አለቀሰች። ወንድ ልጅ ከሰጠኸኝ ለአንተ እሰጠዋለሁ ብላ ተሳለች። ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ሊቀ ካህኑ ዔሊ አያትና "ይቺ ሰክራለች" ብሎ ይገሥጻታል። "ልቤ አዝኖ ነው እንጂ አልጠጣሁም" ትለዋለች። እሱም ይመርቃታል።

ከዚያ ሳሙኤልን ወለደች። ጡት እስኪጥል አሳደገችው፤ ከዚያ ወስዳ እንደ ስእለቷ እዚያው አስረከበችው። በየዓመቱ ትንሽ መጎናጸፊያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ይቺ መጎናጸፊያ ናት። በየዓመቱ ልኳ ይጨምራል። ልጇ ምን ያህል እንዳደገ ሳታየው በግምት ነው የምትሠራው። ኋላ ሌሎች ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ወልዳለች።

ሐና ልጇን ካስረከበች በኋላ የጸለየችው ጸሎት በእኛ አገር የተለየ ቦታ አለው። መዝሙረ ዳዊት ከ150ው መዝሙር በኋላ የነቢያት ጸሎት የሚባል ክፍል አለው። የሙሴ፣ የሕዝቅያስ፣ የዮናስ፣ የዕንባቆም እያለ ይሄዳል። ከእነሱ መሀል የሐና ጸሎትም አለ። ዳዊት የሚደግም ቄስ ወይም ተማሪ ሁሉ የእሷን ቃል ይደግማል ማለት ነው። በዕብራይስጡ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ዔሊን ስትሰናበተው "በፊትህ ሞገስ ላግኝ" ትለዋለች። ሞገስ የሚለው ቃል በዕብራይስጥ የራሷ ስም ሥር ነው። አማርኛ ላይ ሲደርስ ያቺ ጨዋታ ጠፍታለች።

ሁለተኛዋ ነቢይቱ ሐና ናት፤ ሉቃስ ምዕራፍ ሁለት ላይ። የፋኑኤል ልጅ፣ ከአሴር ነገድ። ከባሏ ጋር ሰባት ዓመት ብቻ ኖራ መበለት ሆነች። ሉቃስ 84 ዓመትን ይጠቅሳል። ሕፃኑ ኢየሱስ ወደ መቅደስ ሲገባ እዚያ ነበረች። ስለ እሷ የተጻፈው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው።

ሦስተኛዋ የእመቤታችን እናት ናት። ኢያቄምና ሐና። ስማቸው በወንጌል የለም። ከጥንት የክርስቲያን ጽሑፎች የተገኘ ነው፤ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና በያዕቆብ ስም የሚጠራው ቀዳሚው ነው። በዚያ ሐና ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ቀና ስትል የወፍ ጎጆ ታያለች፤ "ወፍ እንኳን ጫጩት አላት" ብላ ታለቅሳለች። እኛ አገር ታሪኩ ይበልጥ ሰፍቷል። የሐና ቅድመ አያቶች ጴጥሪቃና ቴክታ አይተውታል የሚባለው ሕልም አለ። ነጫጭ ጊደሮች ሲወላለዱ ቆይተው የመጨረሻዋ ጨረቃን ወለደች፤ ጨረቃም ፀሐይን ወለደች። ጨረቃዋ ማርያም፣ ፀሐዩ ክርስቶስ ተብሎ ይተረጎማል። ሐና ማርያምን የወለደችው ቤት ውስጥ ሳይሆን በሊባኖስ ተራራ ነው ይባላል። ለዚህ ነው ግንቦት 1 ልደታ ሲመጣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቡናው ተፈልቶ ሰው ከቤት ወጥቶ ደጅ ላይ የሚበላው። ጅማ በዚያ ወቅት ዝናቡ አይታመንም፤ ቢሆንም ይወጣል። ኅዳር 11 ደግሞ የሐና የዕረፍቷ ቀን ነው። ነሐሴ 7 ማርያምን የፀነሰችበት ነው። አዲስ አበባ ሐና ማርያም ብለን ታክሲ የምንይዝበት ሰፈርም ስሟን የያዘ ነው።

ይህቺው ሦስተኛዋ ሐና እስልምና ውስጥም አለች። ብዙ ክርስቲያን ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። በቁርኣን ሦስተኛው ሱራ አል ዒምራን ይባላል፤ የዒምራን ቤተሰብ ማለት ነው። የዒምራን ሚስት በሆዷ ያለውን ለአላህ ትሳላለች። ወንድ ጠብቃ ነበር፤ የተወለደችው ሴት ሆነች። "መርየም ብያታለሁ" ትላለች። ቁርኣን ውስጥ በስሟ የተጠራች ሴት መርየም ብቻ ናት። ስለዚህ የእናቷ ስም አልተጻፈም። የተፍሲር፣ ማለትም የቁርኣን ትርጓሜ፣ ሊቃውንት ግን ስሟን ያውቁታል፤ ሐና ቢንት ፋቁዝ ይሏታል። በዐረብኛው የምትጻፈውም በጉሮሮዋ ሐ ነው።

ጅማ ላይ ስሙ እንዴት ይወጣል?

ከሞላ ጎደል ሦስት በር አለው። ኦርቶዶክስ ቤት ሐና ስትባል ትዝ የምትለው የማርያም እናት ናት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ የክርስትና ስሟም ከዓለም ስሟ ይለያል። የዓለም ስሟ ሌላ ሆኖ የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና የሆነችም አለች፤ እሷን ንስሐ አባቷ ብቻ ነው በዚያ ስም የሚጠራት። ፕሮቴስታንት ቤት ደግሞ ሐና ሲባል የሳሙኤል እናት ናት። ዓመታት ለምነው የወለዱ ባልና ሚስት ይህን ስም ይወዱታል። ወንድ ከሆነ ሳሙኤል፣ ሴት ከሆነች ሐና። ሙስሊም ቤት ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይታረዳል፤ ስሙም ያን ጊዜ ይጸናል። ሃና በደስታነቷ ትወጣለች፤ ሐናን በርኅራኄዋ።

በሮቹ ግን ሁልጊዜ የተዘጉ አይደሉም። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ጉዳይ ሊያስጽፉ መጥተው ነበር። ራሳቸውን በሻሽ የሸፈኑ፣ መቁጠሪያ በእጃቸው የያዙ።

"አደ፣ የልጅቷ ስም ማን ይባላል?"

"ሃና ነዋ።"

"የቱን ሀ ላድርገው? ደስታ የሚለውን ነው?"

"አዎ ልጄ፣ ደስታ ነው። አባቷ ብዙ ጊዜ ቆይቶ ከዐረብ አገር በገባ በዓመቱ ነው የተወለደችው። ኋላ ግን የመስጊዱ ኡስታዝ የመርየም እናትም ሐና ትባላለች አሉን። እሷም ብትሆንልን ምን ይከፋል?"

በሃሌታው ጻፍኩት። ትርጉሙ ደስታ ነዋ። ያም ሆኖ እሳቸው ሁለቱንም ይዘው ነው የሄዱት።

የቤት ስሙን ታውቁታላችሁ። ሃኒ፣ ሃንዬ፣ ሃንቾ። የቤት ስም ላይ ሲደርስ ሁሉም አንድ ይሆናል፤ ሐናንም ሃኒ ናት። ሃኒ ካፌ፣ ሃኒ የውበት ሳሎን የሚሉ ታፔላዎች በየከተማው አሉ። ግማሹ የባለቤቷ ስም ነው፤ ግማሹ የእንግሊዝኛው ማር ነው። ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም።

ምን ያህል የተለመደ ስም ነው?

አሜሪካኖች በየዓመቱ ለሕፃናት የወጡትን ስሞች በደረጃ ይዘረዝራሉ። እዚያ ሐና እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ1999 እና በ2000 ከሴት ልጆች ስም ሁለተኛ ነበረች። የበለጠቻት ኤሚሊ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ደረጃዋ እየወረደ መጥቷል። ጀርመኖችም ይወዷታል፤ አጻጻፏ እዚያም ሁለት ዓይነት ስለሆነ ቆጣሪዎቹ ሁለቱን ደምረው እንደ አንድ ስም ያዩታል። እኛም ስድስቱን ደምረን ብንቆጥር ጥሩ ነበር።

እዚህ ዝርዝር ከመጠበቅ ክፍል ውስጥ ገብቶ ስም ጥሪ መስማት ይሻላል። ሁለት ወይም ሦስት ሐና ያለበት ክፍል ብርቅ አይደለም። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን ልጅቷ የምትለየው በአባቷ ስም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም ይኑረው ብሎ ነበር፤ ወረቀት ላይ ቀረ። ልጆቹ ግን የአባት ስም አይጠብቁም። ቀይዋ ሐና፣ ጠይሟ ሐና፣ ሐና ቁንጮ ብለው ይገላገላሉ። ራሳቸው ሐናዎቹ ደግሞ "ሞክሼ" ነው የሚባባሉት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከየአቅጣጫው ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ከትግራይ የመጣችው ሐና፣ ከወሎ የመጣችው ሃና፣ ከሐዋሳ የመጣችው ሐና በአንድ ዶርም ይገናኛሉ።

የአያቶቻችን ስም እንዲህ አልነበረም። ዘነበች፣ ተዋበች፣ ብርቄ፣ ጫልቱ፣ ፋጡማ ነበር። አማርኛውና ኦሮምኛው ስም ወሬ ያወራል፤ የተወለደችበትን ቀን፣ የቤቱን ሁኔታ፣ የወላጅን ምኞት ይናገራል። የመጽሐፍ ቅዱስ ስም የሴት ልጅ የዓለም ስም ሆኖ በብዛት የተያዘው ከተማ ውስጥ፣ በወላጆቻችንና በእኛ ዕድሜ ነው። ሐና ከእነ ቤተልሔም፣ ሳሮንና ሜሮን ጋር አብራ ገባች። እነዚያ ግን የቦታ ወይም የነገር ስሞች ናቸው፤ ሐና የሰው ስም ናት።

ለምን እሷ? እኔ የምለው አጭር መሆኗ ነው። በየትኛውም ቋንቋ አፍ ላይ አትከብድም። አማርኛ ተናጋሪው፣ ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው ሳይቸገር ይጠራታል። ፈረንጅም ይጠራታል። ዐረብም ይጠራታል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ከጅማና ከአካባቢው ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሄዱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ክርስቲያን ሆነው ስማቸውን በሙስሊም ስም ቀይረው የሄዱም ነበሩ። ሐና የምትባል ግን ምን ብላ ትቀይር? የአሠሪዋ ልጅም ስም ሊሆን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ኢንተርኔት። ስሙን ጉግል ላይ ስትፈልጉ "አበባ" የሚል ትርጉም ይመጣል። እሱ የጃፓንኛው ሃና ነው። "አንድ" የሚልም ይመጣል፤ እሱ ኮሪያኛ ነው። ሁለቱም በየቋንቋቸው እውነት ናቸው፤ የእኛዋን ሐና ግን አይመለከቱም። የኮሪያ ድራማ የምታይ ወጣት እናት "ትርጉሙ አንድ ነው፣ አንደኛዬ ናት" ብላ ብታወጣው መብቷ ነው። ያኔ አራተኛ በር ተከፈተ ማለት ነው። ደግሞ "ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ የሆነ ስም" የሚል ታገኛላችሁ። እሱ የሚሠራው በላቲን ፊደል፣ መጨረሻዋ ላይ "ኤች" ሲኖር ነው። በእኛ ፊደል ከኋላ ስትነበብ "ናሐ" ናት።

የፎርሙ ጣጣ

ትርጉሙን ያወቀም ያላወቀም ቤተሰብ የሚገናኝበት ቦታ ፎርሙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው። እዚያ የሚጻፈው ስም ልጅቷን ዕድሜ ልኳን ይከተላታል።

ጅማ ላይ ስሙ በፊደልም በቁቤም ይጻፋል። የቁቤ ሕግ ከእንግሊዝኛ ይለያል። የጠበቀ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ የረዘመ አናባቢም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ስለዚህ በቁቤ ሥርዓት የተጻፈች ሐና ፊደሏ በርከት ይላል። ትምህርት ቤት ያለው መዝጋቢ በእንግሊዝኛ ልማድ አንድ "ኤን" ያደርግላታል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስትመዘገብ ሌላው ሁለት "ኤን" ያደርጋል። ፊልም የሚወድ ዘመድ "መጨረሻዋ ላይ ኤች ካልገባ አያምርም" ይላል። ፋይዳ ላይ አንዱ፣ ባንክ ላይ ሌላው። ፓስፖርት ልታወጣ ስትመጣ ወረቀቶቿ ላይ ሦስት ሰው አለች። ኮምፒውተር ደግሞ ሞክሼ ፊደል አያውቅም፤ አንድ ሆሄ ከጎደለ ሌላ ሰው ናት ይላል።

ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህን ነው። የመጽሐፍ ቅዱሷ ሐና ከሆነች በሐመሩ ሐ፣ በላቲን በሁለት "ኤን"። የዐረብኛዋ ከሆነች በሃሌታው ሃ፣ በአንድ "ኤን"። ድምፃቸውንም ትርጉማቸውንም የሚጠብቀው ይህ ነው። ኤችዋን መጨረሻ ላይ መጨመር የእንግሊዞች ልማድ ነው፤ ከወደዳችሁት ጨምሩት፤ ነገር ግን ሁሉም ቦታ ጨምሩት። ሁለታችሁም ወላጆች በአንድ አጻጻፍ ሳትስማሙ ወደ ልደት ምዝገባ አትሂዱ። የልደት ካርዱ ላይ ያለውን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሡትና ፎርም በሞላችሁ ቁጥር እያያችሁ ሙሉ።

ቀድሞውኑ የተበላሸባችሁ ደግሞ ፓስፖርቱን አታስቀድሙ። መጀመሪያ የልደት ካርዱንና ፋይዳውን አስማሙ፤ ፓስፖርት የመጨረሻው ይሁን። ስህተቱ የመዝጋቢው እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ካላችሁ ያው መሥሪያ ቤት ሊያርመው ይችላል። ስሙን ራሱን መቀየር ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠይቃል፤ ቀጠሮ አለው፣ ምስክር አለው፣ ወጪ አለው።

አባቷ ዮሐንስ ከሆነ ሥራው እጥፍ ነው። ሐና ዮሐንስ ማለት በሥሩ ካየነው ጸጋ በጸጋ ላይ ነው፤ ፎርም ላይ ሲደርስ ግን ዮሐንስ ብቻውን በላቲን ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ እኔን ጠይቁኝ። በ"ዋይ" ነው የሚጀምረው በ"ጄ"? ሁለት "ኤን" ነው አንድ? መጨረሻው "ኢ-ኤስ" ነው "አይ-ኤስ"? መጀመሪያ የአባትየውን መታወቂያ ይዛችሁ ኑ።